«መድኃኒት ነው» ያለው ሐኪም

ፍርሃቴ የጀመረው ሰው ሁሉ ባመሰገነኝ ሰሞን ነው። አራስ ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጄን፣ ሴት ልጄን፣ ከገነተ ማርያም ዝቅ ብሎ ባለው በአማቴ ቤት ወልጄ ተኝቻለሁ። ሊጠይቁኝ የሚመጡት ሴቶች በሩን ጎንበስ ብለው ገብተው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካሉ በኋላ መጀመሪያ የሚያዩት ሕፃኗን ሳይሆን ፊቴን ነው። «እረግ፣ ፊቷ እንዴት ሞላ» ይላሉ። «አማቷ ገንፎውን አላሳሱባትም።» አማቴ ይህን ሲሰሙ ደስታቸውን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ይገባሉ። አራስ ስትወፍር የሚመሰገነው ያረሳት ሰው ነው።

እኔ ግን ጧት ስነሳ ዓይኔን ለመግለጥ እታገል ነበር። ቀለበቴ ከጣቴ አልወጣ ብሏል። ቅልጥሜን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ጉድጓዱ አይሞላም፤ ጣት እንደነካው ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። «ውፍረት አይደለም፣ እብጠት ነው» ብል አማቴን በሰው ፊት የሰደብኩ ይመስለኝ ነበር።

ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ። መብረቅ እፈራለሁ፣ ውሻ እፈራለሁ፣ ገደል እፈራለሁ። ላስታ ተወልዶ ገደል መፍራት ምን ያህል እንደሚያስቅ ባሌ ሳይነግረኝ የዋለበት ቀን የለም። እሱ ላሊበላ ውስጥ ፈረንጅ የሚያስጎበኝ ሰው ነው፤ ከገደል አፋፍ ቆሞ ፎቶ ያነሳል። እኔ የገነተ ማርያም ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ። እናቴ የምትኖረው በነአኩቶ ለአብ በኩል ነው። በወጉ የመጀመሪያ ልጄን እሷ ቤት ሄጄ መውለድ ነበረብኝ። ምጡ ቀድሞ ስለመጣ አማቴ ቤት ቀረሁ። እናቴ መጥታ ልጅቷን አየች፣ ሳመች፣ «ይሁን፣ የኔ ቤት ጠቦሽ ነው» ብላ በዚያው ቀን ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አልመጣችም።

ከወለድኩ ብዙም ሳልቆይ ግራ ጡቴ አበጠ፣ ቀላ፣ ብርድ ብርድ አለኝ። ባሌ በቅሎ ላይ አስቀምጦ ላሊበላ ጤና ጣቢያ ወሰደኝና እንክብል ታዘዘልኝ። ክሎክሳሲሊን ይባላል። ለእንዲህ ያለ ሕመም የሚታዘዘው እሱ ነው፤ ያዘዘልኝም ሰው አልተሳሳተም። በቀን አራት ጊዜ ነበር የሚዋጠው። አማቴ ፊደል ባይቆጥሩም ሰዓቱን የያዙት እሳቸው ናቸው፤ የኪዳን ደወል ሲሰማ አንድ፣ ጥላው ደጃፉ ድንጋይ ላይ ሲደርስ አንድ፣ ከብቱ ሲገባ አንድ፣ እሳቱ ሲዳፈን አንድ።

አማቴ የሚጠጣ ነገር ሳይቀምሱ ለሰው አይሰጡም። አጥሚትም ይሁን ጠላ፣ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀምሰው ነው የሚያቀብሉት። ወጉ የአገሩ ነው። የሚያቀርብ ሰው ክፉ ነገር እንደሌለበት ለማሳየት መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል። ሌላው ሰው ለእንግዳ ብቻ የሚያደርገውን እሳቸው ለአራስ ምራታቸውም ያደርጉታል። እንክብሉን ግን መቅመስ አልቻሉም። «ይኼን ደግሞ ምኑን ይቀምሱታል» እያሉ፣ እየሳቁ ያቀብሉኝ ነበር።

ጡቴ ዳነ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ሕፃኗ በሁለቱም በኩል ጠባች። እንክብሉ ሊያልቅ ሲል ግን ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ። ጡቴ አልቀላም፣ አላበጠም፤ ሰውነቴ ብቻ ይነዳል። አማቴ ሕመሙ ያገረሸ መሰላቸው፤ ለኔም መሰለኝ። ባሌ ላሊበላ ካለ መድኃኒት ቤት ሄዶ ባዶውን ማሸጊያ አሳይቶ ያንኑ እንክብል ገዛና ላከልን። እንደገና በደወሉ፣ በጥላው፣ በከብቱና በእሳቱ መዋጥ ጀመርኩ።

ደረቴና ጀርባዬ ሽፍ አለ። ያሳክካል። ጎረቤቶች ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሽተው አሸተቱኝ። መገጣጠሚያዬን ቆረጠመኝ። ከጎድን አጥንቴ በታች ጀርባዬን በግራና በቀኝ ከበደኝ። ይህን ስናገር ሁሉም «ወገብሽ ነው፣ የወለደች ሁሉ እንዲህ ናት» አሉኝ። በሰውነቴ ውስጥ ለሚሆነው ነገር ሁሉ ከአራስነት ስም ወጣለት። የገንፎው ሽታ ያጥወለውለኝ ጀመር። ከሁሉ ያስፈራኝ ግን ሽንቴ ነው። አነሰ። እየጠጣሁ አነሰ። የወጣውም የወፍራም ሻይ ቀለም ያዘ። ለደቂቃዎች ተቀምጬ ጠብ ሳይል እነሳለሁ። ውሃው ወዴት ሄደ እላለሁ። ከዚያ ወደ ቤት ስገባ አንዷ እንግዳ ፊቴን አይታ «ተመስገን፣ አማረብሽ» ትለኛለች።

ባሌ ከላሊበላ በመጣበት ቀን ምንም ሳልናገር እግሬን አወጣሁና በጣቴ ጫንኩት። ጉድጓዱን አየ። ሳቅ የማያጣው ሰው ሳይስቅ በራሱ ጣት ደግሞ ጫነው። በማግስቱ ላሊበላ ነበርን። ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ የሽንቴን ምርመራ አይቶ፣ ግፊቴን ለክቶ፣ «ይኼ የኔ አቅም አይደለም፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ» አለ። ባሌ ከሚሠራበት ሆቴል መኪና ለመነ። ለእናቴም ሰው ላከ።

የመንገዱን ፍርሃት እስከዛሬ አልረሳሁትም። አማቴ ከኋላ ሕፃኗን ታቅፈዋል። መኪናው በጠመዝማዛው ሲወርድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ገደሉን ሳልፈራ አየሁት፤ የባሰ የሚፈራ ነገር ውስጤ ነበር። እናት የሞተችባቸውን ልጆች አስተምሬያለሁ። ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጡ አውቃለሁ። ሲጠሩ ፈጥነው አይነሱም፤ መጀመሪያ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ዘወር ዘወር ይላሉ። የኔ ልጅ እንደዚያ ዘወር ስትል ታየኝ። እሞታለሁ ብዬ አለቀስኩ። ዝም በይ ያለኝ የለም፤ ሁላችንም አንድ ነገር ነበር የምናስበው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያገኘን ሐኪም በዕድሜ ከኔ ብዙም የማይበልጥ የከተማ ልጅ ነበር። ደምና ሽንት አስመረመረ። ውጤቱን ሲያይ ግንባሩ ተቋጠረ። የኩላሊት ሥራ የሚለካበት ነገር አለ፣ ክሬቲኒን የሚሉት፤ ደሜ ውስጥ በጣም ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ መጠየቅ ጀመረ። ከወሊድ በፊት ግፊት ነበረብሽ? ሽንት ሲወጣ ያቃጥልሻል? የለም፣ የለም እላለሁ። «ምን ምን ውጠሻል?» ሲለኝ እንክብሉን ነገርኩት። ያን ጊዜ ወንበሩን ወደኔ ሳበ። ትኩሳቱ መቼ ለቀቀሽ? መቼ ተመለሰ? እንክብሉን እየዋጥሽ ነው የተመለሰው? ሽፍታው ከትኩሳቱ በፊት ነው በኋላ? ነጠላዬን ገለጥ አድርጎ ጀርባዬን አየ። የደም ምርመራውን መልሶ አነበበ። ሰውነት አልቀበልም ያለው ነገር ሲገባ የሚበዛ የነጭ ደም ሴል ዓይነት አለ፤ እሱም በዝቷል አለኝ።

«ቁስል ሲቆጣ አይተሽ ታውቂያለሽ አይደል?» አለኝ። «ኩላሊትሽ እንደዚያ ተቆጥቷል። የመጀመሪያው ትኩሳት ከጡትሽ ነበር። ሁለተኛው ግን ከእንክብሉ ነው።»

«እድናለሁ?»

«ቶሎ ካቆሙት ብዙዎቹ ይድናሉ። እርግጡን ለማወቅ ከኩላሊት በመርፌ ቆንጥሮ ማየት ነበር፤ እዚህ አይሠራም። ስለዚህ እንክብሉን እናቆማለን፣ ቁጣውን የሚያበርድ ኪኒን እንሰጥሻለን፣ ሽንትሽን እየለካን እንጠብቃለን። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ያላዘዝኩትን ነገር አፍሽ እንዳይገባ፤ የአገር ቅጠልም ቢሆን። ሰውነትሽ ውሃ ካጣ ኩላሊትሽ አይመለስም።» ካልተመለሰስ ብዬ ጠየቅሁት። ያኔ ደም የሚያጥብ ማሽን ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ያለው አዲስ አበባ ነው አለኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም።

እናቴ ከወንድሟ ጋር የደረሰችው በዚህ መሃል ነው። አልጋዬ በሩ ሥር ስለነበር ኮሪደሩ ላይ የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል። ሐኪሙ ሲወጣ እናቴ መንገድ ዘጋችበት።

«ልጄን ምን አገኛት ጌታዬ?»

«መድኃኒት ነው» አላት። «እንዲህ ያደረጋት መድኃኒት ነው፣ እናቴ።» ይህን ብሎ፣ ከሌላ ክፍል ጠርተውት ሮጦ ሄደ።

ምን እንዳለ አላወቀም። በኛ አገር ይህ ቃል ሁለት ፊት አለው። ሐኪም የሚሰጠው መድኃኒት ነው፤ ቀናተኛ በእህል ሸሽጎ የሚያበላውም መድኃኒት ነው። እናቴ የሰማችው ሁለተኛውን ነው።

«ማነው የሰጣት?» አለች። ድምፅዋ ቀጥኗል።

አማቴ ሕፃኗን እንዳቀፉ ነበሩ። «እኔ ነኝ እንጂ፣ ሌላ ማን ይሰጣታል?» አሉ። «በገዛ እጄ ነው የሰጠኋት። አንድም ቀን አላስታጎልኩባት።»

አልጋዬ ላይ ሆኜ «አይደለም» ለማለት አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ሳይወጣኝ ሕፃኗ ስታለቅስ ሰማሁ። እናቴ ከአማቴ እቅፍ መንጭቃ ወስዳት ነው።

«እኔ ቤት እንዳትወልድ አስቀርተው፣ ይኼን ነው ያዘጋጁላት?»

«ምን አሉ እሜቴ?» አሉ አማቴ። ገና አልገባቸውም ነበር። ሲገባቸው ግድግዳውን ይዘው ቆሙ።

አጎቴ አላስጨረሰም። ወደ ተከዜ ቆላ የተበላ መድኃኒት የሚያስተፋ ሰው አለ፣ ሐረግ ቀቅሎ ያጠጣል፣ በላይም በታችም ያወጣዋል፣ አሁኑኑ እንነሳ አለ። ያን ሰው በስም አውቀው ነበር። እሱ ዘንድ የሄደ ሰው ሁለት ቀን ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ይሰነብታል። ሐኪሙ ውሃ ካጣሽ ያለኝ ጆሮዬ ላይ ነው። እናቴ ገብታ አጠገቤ ስትቆም እጇን ያዝኩ።

«እማዬ፣ እንክብሉን ነው የሚለው። የጤና ጣቢያውን እንክብል ነው።»

«ዝም በይ ልጄ» አለችኝ፣ ግንባሬን እያሻሸች። «አንቺ አይደለሽም። እሱ ነው የሚያናግርሽ።»

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የፈራሁበት ጊዜ የለም። የምለው ሁሉ የመድኃኒቱ ንግግር ከሆነ ምን ብዬ እተርፋለሁ? እናቴ ትወደኛለች። ወድዳኝ ልትገድለኝ ነው። አጎቴ ብርድ ልብሴን ይጠቀልላል፤ ባሌ እናቱንና እናቴን እያፈራረቀ ያያል።

ሐኪሙ ተመልሶ መጣ። የተፈጠረውን ከባሌ ሲሰማ ደነገጠና በሌላ ቃል ሊጠግነው ሞከረ። «እንክብሉ አልተስማማትም ማለቴ ነው። ወተት የማይስማማው ሰው የለም? ሰው አላበላትም።»

እናቴ ሞኝ አይደለችም። «ካልተስማማት ለምን ተደገመላት?» አለች።

«ትኩሳቱ አሳሳታቸው። እኔም እዚያ ብሆን ልሳሳት እችል ነበር።» በእጁ ትንንሽ ነጫጭ ኪኒኖች ይዞ ነበር።

«ያስ ምንድን ነው?»

«ይኼማ የሚያድናት መድኃኒት...» አለና ከንፈሩን ነከሰ።

«በመድኃኒት የታመመችውን መድኃኒት ሊጨምሩባት» አለች እናቴ፣ ወደ ወንድሟ ዞራ። አጎቴ አንድ እጁን በጀርባዬ በኩል አስገብቶ ሊያነሳኝ ጀመረ።

አማቴ በዚህ ጊዜ ነው የገቡት። ከነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሮ ፈቱ። ከቤት ስንወጣ፣ መንገድ ላይ ሰዓቱ ይደርሳል ብለው ይዘውት የመጡት እንክብል ነበር። መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ለእናቴ አሳዩአት።

«እኔ ያልቀመስኩትን ለሰው ሰጥቼ አላውቅም» አሉ። «ይኼን ብቻ ሳልቀምስ ሰጠሁ።»

ወደ አፋቸው ጣሉትና ያለ ውሃ ዋጡት። ጉሮሯቸው ላይ ሲያንቃቸው አየሁ። ሁለተኛውንም ደገሙ።

ሐኪሙ ዘልሎ ያዛቸው። «እማማ፣ እንዲህ አይደረግም» ብሎ ተቆጣ፤ የምሩን ነበር። ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ወስደው ሰውነታቸው አሳክኮ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀ፣ የልብ ምታቸውን ቆጠረ። ወደ እናቴ ሲዞር ድምፁ ዝግ ብሎ ነበር። «ብዙ ሰው ውጦት ምንም አይሆንም። እሷ ናት ያልተስማማት። መርዝ ነው ካሉ እስከ ነገ ይዩአቸው።»

እናቴ አማቴን አተኩራ አየቻቸው። «እስከ ነገ» አለች። አጎቴ እጁን ከጀርባዬ ሥር አወጣ።

ነርሷ ነጫጮቹን ኪኒኖች አስዋጠችኝ። ፕሬድኒሶሎን ይባላሉ። በዚያ ቀን ከጎኔ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። እናቴ ሕፃኗን ለማጥባት ብቻ ታመጣልኝና ተመልሳ አማቴ ፊት ለፊት ትቀመጣለች፤ ዓይኗን ከእሳቸው አታነሳም። አማቴ ሲያስሉ ክፍሉ በሙሉ ዞር ይላል። እኔም ከሕመሜ ሌላ አዲስ ፍርሃት ጨመርኩ። ምግብ ባይስማማቸውስ? በድካም ብቻ አንዴ ቢያስመልሳቸው እኔ ወደ ቆላ ልወርድ ነው። የኔ ነፍስ በእሳቸው ሆድ ላይ ተንጠልጥላ አደረች።

ጧት አማቴ ተነስተው ፊታቸውን ታጠቡ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው ጸለዩ፣ ከዚያ ነርሷን «ሽንቷ ምን ያህል ሆነ?» ብለው ጠየቁ። እናቴ «እስኪ ነገንም እንይ» ብላ ነጠላዋን አጣፋች። አጎቴ ማሳው እየጠበቀው ስለሆነ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የኖርነው በአንድ የፕላስቲክ ማሰሮ ነው። ሽንቴ እዚያ ይገባል፣ ይለካል፣ ይጻፋል። እንደዚያ የተከበረ ሽንት ላስታ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። መጀመሪያ ታችኛውን ምልክት አልነካም። የጠጣሁትም እየተለካ ነው። ሐኪሙ ጧት ጧት እየመጣ እግሬን ይጫናል፣ ደሜን ያስመረምራል፣ «እንጠብቅ» ይላል። ይህን ቃል ጠላሁት። ከዚያ አንድ ጧት ነርሷ ማሰሮውን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገችና ፈገግ አለች። ቀለሙም ነጥቷል። እናቴ ከእጇ ተቀብላ ራሷ አየችው። አይታ ስትጨርስ ለአማቴ ሰጠቻቸው። በዚያ ክፍል ውስጥ አንዳቸው ለሌላቸው ያቀበሉት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው።

የደሜ ውጤት ቀስ እያለ ወረደ። ስንወጣ ሐኪሙ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። ነጩን ኪኒን በድንገት እንዳላቆም፣ እሱ እንዳለኝ ትንሽ በትንሽ እንድቀንሰው፤ የሕመም ማስታገሻ ከሱቅ እየገዛሁ እንዳልውጥ፤ ያን እንክብልና ወገኖቹን እስከ ዕድሜ ልኬ እንዳልነካ። የትም ሐኪም ቤት ስሄድ ከስሜ ቀድሜ ይህን እንድናገር ነገረኝ። እስከዛሬ እንደዚያው አደርጋለሁ፤ አንዳንዱ ሐኪም ይስቅብኛል።

ስንመለስ እናቴ ሕፃኗን ይዛ ከፊት ተቀመጠች። እንቅልፍ ሲጥላት ጠብቄ አማቴን ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ያን ሲውጡ አልፈሩም?»

«ፈራሁ እንጂ።»

«ክፉ ነገር እንዳልሆነ ግን ያውቁ ነበር።»

«በምን አውቃለሁ ልጄ?» አሉኝ። በመስኮቱ እያዩ ነበር። «ሐኪሙ ራሱ መድኃኒት ነው ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ማን ምን እንደቀላቀለበት እኔ በምን አውቃለሁ? ብቻ በኔ እጅ ነው የገባልሽ። አንቺን ከገደለ እኔን ምን ብሎ ይተወኛል ብዬ ነው።»

እኔ ያን ሁሉ ቀን ድፍረት ይመስለኝ ነበር። ለካ እሳቸው ያደሩት ሞታቸውን ሲጠብቁ ነው፤ እናቴም ፊት ለፊት ተቀምጣ ስትጠብቅላቸው።

ልጅቷ ሰማንያ ቀን ሲሞላት ክርስትና ተነሳች። ነጩ ኪኒን ፊትን ያሳብጣል፤ ሐኪሙ ነግሮኛል። ሴቶቹ መጥተው እንደገና «ፊትሽ እንዴት ሞላ» አሉኝ፣ እኔም ሰው ሳያየኝ ቀሚሴን ገለጥ አድርጌ ቅልጥሜን ጫንኩት። ጉድጓድ የለም። ደግሜ ጫንኩት።

አማቴ ጠላ ይቀዱ ነበር። እናቴ ጋ ሲደርሱ ዋንጫዋን ሞሉና፣ እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን ዘርግተው ጠብ ሊያደርጉበት ዋንጫውን አዘነበሉ። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች። የተዘረጋውን መዳፍ በእጇ ከደነችው።

«ይተዉት እሜቴ» አለቻቸው። «ያኔ የቀመሱት ይበቃል።»